የሸክላ ማጨሻና ጽና፦ ፍም ማዘጋጀት፣ ዕጣን መጣል፣ ዕቃውን መጠበቅ

ዕጣን በደንብ ከተያዘ ቀልጦ ይጤሳል እንጂ አይነድም። ዓይን የሚቆጠቁጠው፣ ጉሮሮ የሚከረክረውና መጋረጃ ላይ ለቀናት የሚቀረው ጠረን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዕጣኑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ስለተቃጠለ ነው። የጋመ ፍም ገጽ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ዕጣን ግን መልካም መዓዛውን የሚለቀው ከዚያ በብዙ ባነሰ ሙቀት ነው። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ የምትቀመጠው ትንሿ የሸክላ ማጨሻም ሆነች በቅዳሴ ሰዓት ካህኑ የሚይዘው ጽና፣ ሁለቱም ፍሙንና ዕጣኑን በልክ የሚያገናኙ ዕቃዎች ናቸው። መጀመሪያ የቤቱን እናያለን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን።

የቤት ማጨሻ ሲገዙ

ከሐረር ወደ ምሥራቅ ጊርጊራ ይባላል፤ ሶማሌው ዳብቃድ፣ ዐረቡ መብኸራ ይለዋል። በመካከለኛው ሶማሊያ ኤል ቡር ከሚገኘው ቀላልና ነጭ ድንጋይ የሚጠረበው ዳብቃድ ውስጡ ፍም ይዞ ውጪው ብዙም ስለማይግል በእጅ ለማንሳት ይመቻል። በእኛ ገበያ በብዛት ያለው ግን ሸክላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚሠሩት ማጨሻ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ በቅርጽና በጌጥ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሲገዙ አፉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4 ሳንቲሜትር ያላነሰ ይሁን። ጥልቀቱ ከዚህ ካነሰ አመድ ሲጨመርበት ለፍሙ ቦታ አይቀርም። እግር ያለው ይምረጡ፤ ፍሙ ከጠረጴዛው ወይም ከምንጣፉ ቢያንስ የስንዝር ግማሽ ያህል ከፍ ማለት አለበት። በጣት ጥፍር ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ አለው፣ ወይም በደንብ አልተቃጠለም። ውስጡ ቀለም የተቀባ አይግዙ። ቀለሙ በፍም ይላጣል፣ ሽታውም ዕጣኑን ይውጠዋል።

አዲስ ሸክላ ማሟሸት

ምጣድና ጀበና እንደሚሟሹ ሁሉ ማጨሻም መሟሸት አለበት። አዲስ ሸክላ ደረቅ ቢመስልም በውስጡ እርጥበት ይዟል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ፍም ከተጫነበት ያ እርጥበት በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ግድግዳውን ይገፋዋል፤ ማጨሻው ወይ ከአፉ ይሰነጠቃል፣ ወይ ታቹ ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል።

1. ማጨሻውን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገው ያቆዩት። በክረምት ከሆነ ከምድጃ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ምድጃው ላይ ግን አይጣዱት።

2. በወንፊት የተነፋ ደረቅ የእንጨት አመድ 2 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያንጥፉበት። አመድ ከሌለ ታጥቦ በደንብ የደረቀ አሸዋ ይሆናል።

3. በመጀመሪያው ቀን የሎሚ ግማሽ የምታህል አንዲት ፍም ብቻ መሐል ላይ ያስቀምጡና በራሷ ጊዜ ትክሰም። በማግስቱ ሁለት ይሁኑ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ልማድዎ።

4. በእነዚህ ቀናት ዕጣን አይጣሉበት። ቀልጦ የፈሰሰ ዕጣን ገና ባልተሟሸ ሸክላ ውስጥ ከሰረገ አይወጣም፤ ፍም በነካው ቁጥር የቆየ የተቃጠለ ሽታ ይሰጣል።

ፍሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቡናው ተቆልቶ እንዳለቀ ከምድጃው አንዱን ከሰል አንስቶ፣ ግማሹ ገና ጥቁር እንደሆነ፣ ማጨሻው ላይ ያደርግና ዕጣኑን ይጥልበታል። የሚወጣው ጭስ የዕጣን ብቻ ሳይሆን ያልጋመ ከሰል ጭስም ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ራስ ያዞራሉ።

ከሰሉ ዙሪያውን ቀልቶ ገጹ ስስ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። ጥሩ የግራር ከሰል በማርገብገቢያ እየታገዘ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዛል፣ ግን ይፈነጥራል፣ ቶሎም ይከስማል፤ ምንጣፍ ባለበት ቤት ባይጠቀሙበት ይሻላል። ከሰል የሚፈነጥረው ብዙ ጊዜ እርጥበት ስላለው ነው። ስለዚህ የዕጣን ከሰል ለብቻው በደረቅ ቆርቆሮ ይቀመጥ።

አሁን ደግሞ አመዱ። ፍሙን በማጨሻው አመድ ላይ ያስቀምጡና በማንኪያ ጫፍ ዙሪያውን አመድ ያስጠጉለት፤ የፍሙ አናት ብቻ ይታይ። በአናቱ ላይም የማንኪያ ጫፍ የምታነሣውን ያህል ስስ አመድ ይነስንሱ። ፍሙ አሁን ረመጥ ሆነ። ይህች ቁንጥር አመድ ናት ዕጣኑን ከመቃጠል የምታድነው። ያለ አመድ የተጣለ ዕጣን ለጥቂት ሰከንድ ይሸትና ይነዳል፤ በረመጥ ላይ የተጣለው ግን ቀስ እያለ ለብዙ ደቂቃ ይጤሳል።

ዕጣኑን መጣል

ለአንድ መካከለኛ ሳሎን በአንድ ጊዜ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ከ3 እስከ 5 ፍሬዎች ይበቃሉ፤ በሚዛን ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። ሲያልቅ ይጨምሩ። አንድ እፍኝ በአንዴ መጣል ፍሙን አፍኖ ያጠፋዋል፣ ካልጠፋም ያነደዋል፤ ከሁለቱ የሚገኝ ጥቅም የለም።

ፍሬውን ጠጋ ብለው ይዩት። ሙቀቱ ልክ ከሆነ መጀመሪያ ጠርዙ ይወዛል፣ ቀጥሎ መሐሉ ይለሰልስና እንደ ማር ይንጣለላል፤ ጭሱ ነጭና ቀጭን ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወዲያው ከተንጨረጨረ፣ ከጠቆረና ጭሱ ወደ ቢጫ ካደላ እሳቱ በዝቷል፤ አመድ ይጨምሩ። ላይ ተቀምጦ ወዙ ብቻ ከታየና ጭስ ካልመጣ ደግሞ አመዱ በዝቷል፤ በማንኪያ ጫፍ ገፋ ያድርጉለት። እየተንጠባጠበ ወደ ሸክላው ጎን ከፈሰሰ ፍሙ ያዘነበለ ነው፤ ያስተካክሉት። ነበልባል ከያዘ እፍ አይበሉበት፤ አመድ ይበተናል፣ ነበልባሉም ይብሳል። የማንኪያ አመድ ጣል ሲያደርጉበት ይጠፋል።

በመጨረሻ የሚቀረው ጥቁር ቅሪት የጥራት ጉድለት አይደለም። ዕጣን ሁለት ነገር የተዋሐደበት ነው፤ አንዱ ክፍሉ በውኃ የሚሟሟ ሙጫ ሲሆን ሌላው በአልኮል የሚሟሟ ቅባታማ ክፍል ነው። መዓዛው ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው አይተንም፣ ይከስላል። ጭሱ መዓዛውን ትቶ መጎምዘዝ ሲጀምር ቅሪቱን በመቆንጠጫ ያንሡት፤ እላዩ ላይ አዲስ ዕጣን አይጨምሩ። ቤቱን ሁሉ የሚያበላሸው ይህ ልማድ ነው።

ስለ ዓይነቱ ጥቂት። የትግራይ ዕጣን የሚባለው፣ ከትግራይ በተጨማሪ በመተማ፣ በቋራና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሚበቅለው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ የሚገኝ ሲሆን ጭሱ ንጹሕና ቀላል ነው። የኦጋዴንና የቦረና ዕጣን ከሌሎች የዛፍ ዓይነቶች ስለሚመጣ ሽታው ይለያል። ከርቤ ጭሱ ይመራል፤ ለብቻው ከማጨስ ለሦስት እጅ ዕጣን አንድ እጅ ከርቤ ማድረጉ ይሻላል። ሉባንጃ ቶሎ ቀልጦ አረፋ ስለሚያወጣ አመዱ ወፈር ይበልለት። ጭሱ ጥቁር ሆኖ ጥቀርሻ የሚጥልና ሽታው ወደ ቀለም ማቅጠኛ የሚያደላ ከሆነ ሻጩ የጥድ ሙጫ ቀላቅሎበታል።

ትልልቅ ፍሬዎችን መሰባበር ከፈለጉ በኤሌክትሪክ መፍጫ አይሞክሩት፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ምላጩ ላይ ይጣበቃል። በረዶ ክፍል ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩትና በትንሽ ሙቀጫ ይምቱት፤ እንደ ስኳር ይፈረካከሳል። ዱቄት እስኪሆን ግን አይውቀጡት። ዱቄት በፍም ላይ ብልጭ ብሎ ይነድዳል።

ልብስ ማጠን

ነጠላና ሐበሻ ቀሚስ ለማጠን ፍሙ ከጨርቁ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ልብሱም በሽቦ ወይም በመደርደሪያ ላይ ይዘርጋ። ጋቢ ደርቦ ማጨሻ ሥር መቀመጥ የቆየ ልማድ ቢሆንም ፍም አንዴ ከፈነጠረ ጥጥ በቅጽበት ይያያዛል። ረመጥ ብቻ ይጠቀሙ፣ ዓይንዎንም አይንቀሉ።

የከሰል ጋዝ

ይህን ሳይሸራርፉ ያንብቡት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ የዕጣኑ መዓዛ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተዘጋ መስኮትና የሚነድ ከሰል ሰውን በእንቅልፉ ይገድላሉ፤ በአገራችን በክረምትና በብርድ ወራት በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ያጣ ሰፈር ብዙ ነው። ዕጣን ሲያጨሱ አንድ መስኮት ወይም በር ክፍት ይሁን። ፍሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ማንም በዚያ ክፍል አይተኛ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀጥሎ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። አራስ፣ አስም ያለበትና አዛውንት ባሉበት ቤት ዕጣኑ በአጭሩ ይጨስ፣ እነሱም ከክፍሉ ይራቁ።

ጽና

አሁን ወደ መቅደሱ። ጽና ወይም ማዕጠንት ንዋየ ቅድሳት ነው። ማጠን የካህኑ ድርሻ ነው፤ ፍሙን የሚያዘጋጀውና የሚያቀብለው ዲያቆኑ ነው። የሚከተለው ለዚያ ዲያቆንና ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ የሚጠቅም የእጅ ሥራ እውቀት እንጂ የሥርዓት ትምህርት አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚያስተምሩ አባቶች አሉ። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጽናው የእመቤታችን፣ ፍሙ የመለኮት፣ ሦስቱ ሰንሰለቶች የሥላሴ ምሳሌ ናቸው። ፍም ከጽናው ወድቆ ምንጣፍ ሲያቃጥል አገልጋዩ የሚደነግጠው ለምንጣፉ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦ ፍሙ የሚያርፍበት ታችኛው ጽዋ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክዳን፣ ሦስቱ ሰንሰለቶች፣ ሰንሰለቶቹ ከላይ የሚገናኙበት ጉልላትና መያዣው ቀለበት፣ እንዲሁም በሰንሰለቶቹ ላይ የሚንጠለጠሉት ሻኩራዎች (ትንንሽ ቃጭሎች)። ጽዋው ውስጥ የሚገባ ተነቃይ የብረት ወይም የመዳብ ጽዋ ካለ ዕድሜው ይረዝማል፤ ከሌለ እንዲሠራለት እንመክራለን።

ፍሙን ማዘጋጀት፦

1. ከአገልግሎቱ 25 ደቂቃ ቀድሞ በቤተልሔም (የቅዳሴው ኅብስት በሚዘጋጅበት ቤት) ወይም ለእሳት በተመደበው ስፍራ ከሰሉ ይያያዝ። ሙሉ ቅዳሴ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ስለሚበልጥና አንድ ዙር ፍም ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ፣ ቢያንስ ሦስት ዙር የሚሆን ከሰል ተራ በተራ እንዲደርስ ተደርጎ ይታሰብ። አንዱ ዙር ጽናው ውስጥ እያለ ተከታዩ ምድጃው ላይ መጋም አለበት።

2. በጽዋው ታች 1 ሳንቲሜትር ደረቅ አመድ ይንጠፍ። አመዱ ብረቱን ከግለት ይጠብቃል፣ ቀልጦ የሚወርደውን ዕጣንም ይይዛል።

3. ፍሙ ከጽዋው ሁለት ሦስተኛ አይበልጥ። ክዳኑ ሲወርድ ፍም መንካት የለበትም። ሞልቶ የተጫነ ጽና ሲወዛወዝ በክዳኑ ሥር ፍም ይተፋል፤ ምንጣፍ የሚያቃጥለው ይኸው ነው።

4. ከማቀበሉ በፊት ክዳኑን ዘግቶ በውጭ ሦስት አራት ጊዜ ማወዛወዝ ያስፈልጋል። ትርፍ አመድ ይራገፋል፣ የላላ ፍምም ቦታውን ይይዛል።

በጽና ላይ አመዱ እንደ ቤቱ ማጨሻ አናቱን አይሸፍን። ጽና በመወዛወዝ ነው የሚተነፍሰው፤ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ አየር በክዳኑ ቀዳዳዎች ገብቶ ፍሙን ያነቃዋል። ለዚህም ነው ካህኑ ቆሞ ረጅም ጸሎት ሲያደርስ ፍሙ የሚዳከመውና በዑደት ሰዓት የሚነቃው። ዲያቆኑ ይህን አውቆ ከዑደት በፊት ሳይሆን ከረጅሙ ጸሎት በኋላ የሚቀየርበትን ጊዜ ካህኑን ጠይቆ ቢወስን ይመረጣል። የክዳኑ ቀዳዳዎች በጥቀርሻ ከተደፈኑ ምንም ያህል ቢወዛወዝ ፍሙ ይታፈናል። "ከሰሉ መጥፎ ነው" ተብሎ ከሰል ሲለወጥ የሚከረመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይቀድማል።

በውጭ አገር አጥቢያዎች የተለመደው ክብ ፈጣን ከሰል ቶሎ እንዲያያዝ ፖታሲየም ናይትሬት የተጨመረበት ነው። ሲለኮስ ብልጭልጭታው ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፣ መጥፎ ሽታም አለው። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ከቤት ውጭ ይቆይና ሙሉ በሙሉ ግራጫ ሲሆን ብቻ ወደ ጽናው ይግባ። እሽጉ ከተከፈተ እርጥበት ይስባልና በጥብቅ ክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ፍም ሁልጊዜ በመቆንጠጫ እንጂ በማንኪያ አይነሣ፤ ከማንኪያ ይንከባለላል።

ማጽዳትና መጠገን

ጽናውን ከአገልግሎት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይንኩት። የጋለ ናስን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ብየዳውን ያላቅቃል፣ ክዳኑንም ያጣምማል። የተጣበቀውን ዕጣን በብረት አይፋቁ። ሁለቱ የዕጣን ክፍሎች በተለያየ ነገር እንደሚሟሙ ከላይ ተናግረናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ይሸፈን፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። በውኃ ብቻ ከተሞከረ ቅባታማው አይለቅም፤ በአልኮል ብቻ ከሆነም ሙጫው ይቀራል። አልኮል ተቀጣጣይ ነውና ሥራው ከእሳትና ከሻማ ርቆ ይከናወን፤ ጽናው በደንብ ሳይደርቅም ፍም አይግባበት።

ራቁት ናስ ከሆነ ሎሚና ጨው ያበራዋል፤ ከዚያ ወዲያው በብዙ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፣ አለዚያ አሲዱ አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። ወርቅ የተቀባ ከሆነ ሎሚም አመድም አይነካው፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ። ቅቡ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

በየሳምንቱ ሰንሰለቶቹን አንድ በአንድ በጣት እየቆጠሩ ይፈትሹ። የሚበላው ቀለበት ከጽዋው ጆሮ ጋር የሚጋጠመው የመጀመሪያው ነው፤ ውፍረቱ ወደ ግማሽ ከወረደ ይለወጥ። አፉ የተከፈተ ቀለበት በሁለት ጉጠት ተይዞ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ይገጠም፤ ፊት ለፊት ከተጨመቀ ቅርጹን ያጣል። ጆሮው ከተነቀለ ለጠጋኙ አንድ ነገር መንገር ግዴታ ነው፤ በቆርቆሮና በእርሳስ አይበየድ። የተለመደው የቆርቆሮና እርሳስ ማጣበቂያ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በሁለተኛው ቅዳሴ ይለቃል፣ ጽናውም ከነፍሙ በሁለት ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይቀራል። በብር ብየዳ ይሠራ። ጥገናው ንዋየ ቅድሳት ስለሆነ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ይሁን።

የሸክላ ማጨሻ ደግሞ ውኃ አይወድም። አመዱን ይድፉ፣ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ የተጣበቀውን ዕጣን አንድ ፍም አድርገው ያቃጥሉትና ሲቀዘቅዝ ይፋቁት። በስህተት ከታጠበ ሁለት ቀን ፀሐይ አይቶ እንደ አዲስ ይሟሽ።

ማጨሻ ወይም ከሰል በማይቻልበት ቤት

የጭስ ጠቋሚ ባለበት አፓርታማ ጠቋሚውን በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው፤ ለአንድ ሰዓት ቡና ተብሎ የተነቀለው ሳይመለስ ሌሊቱ ይመጣል። በዐረብ አገራት በየሱቁ የሚገኘው የኤሌክትሪክ መብኸራ ከሰል ስለማይፈልግ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ተስማሚ ነው። ሳህኑ ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት ያንጥፉና ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ያድርጉበት። ጭሱ ሳስቶ መዓዛው ግን ሳይቃጠል የሚመጣው በዝቅተኛው ሙቀት ነው።

ማጨሻ ከታጣ ቀለም ያልተቀባ የሸክላ አበባ ማሰሮ ሥር ማስቀመጫ 3 ሳንቲሜትር ደረቅ አሸዋ ተሞልቶበት፣ በሴራሚክ ወለል ላይ ተቀምጦ ያገለግላል። ብርጭቆ ሳህን ይፈነዳል፣ ስለዚህ አይሞከር።

ሲጨርሱ

ፍም የጠፋ መስሎ በአመድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ከማጨሻውም ከጽናውም የወጣው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ ወደ ፕላስቲክ የቆሻሻ ከረጢት በትኩሱ አይግባ። የጽናው አመድ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም፤ በቅጥሩ ውስጥ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ስፍራ ይፈስሳል። ከአመዱ የሚፈለገው ያህል ለሚቀጥለው ጊዜ በወንፊት ይነፋና በደረቅ ጣሳ ይቀመጥ፤ የቆየ አመድ ከአዲሱ ይልቅ የላመ ነውና ፍም ላይ በስሱ ለመነስነስ ይመቻል።